ላፕቶፑ ካምፕ፣ ሠሪው ካይሮ፦ ኮምፒውተርን ከሩቅ ለማሠራት የትኛው ፕሮግራም ይሻለናል?

ካርቱም እያለን ላፕቶፕ ሲበላሽ መፍትሄው ቅርብ ነበር። ከዴም ወይም ከጅሬፍ ተነስቶ መሃል ከተማ ሱቅ አረቢ መውረድ፣ አንዱን ባሽሙሃንዲስ ማግኘት፣ ሻይ እየጠጡ መጠበቅ፣ በቃ። በአማርኛ እየተጫወቱ ዊንዶውስ የሚጭኑና ቫይረስ የሚያጸዱ የሐበሻ ልጆችም አይጠፉም ነበር። እ.ኤ.አ ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ሲጀመር ግን ሱቁም ሰውም ተበተነ። አንዱ ሠሪ ካይሮ ነው፣ አንዱ ካምፓላ፣ አንዱ ፖርት ሱዳን፣ አንዱ በመተማ አድርጎ አገሩ ገብቷል። ላፕቶፑ ከእኛ ጋር ካምፕ ተቀምጧል።

ለዚህ ነው መሰለኝ ሰሞኑን ትምህርት ቤት ድረስ እየመጣችሁ የምትጠይቁኝ ነገር አንድ ዓይነት የሆነው። "ካይሮ ያለው ወንድሜ ኤኒዴስክ አውርድና ቁጥሩን ላክልኝ ይለኛል። ምንድነው እሱ? ያስከፍላል? ብሰጠው ችግር አለው?" ለእያንዳንዱ በየተራ ከማስረዳ አንድ ጊዜ እዚህ ልጻፈው።

እነዚህን ፕሮግራሞች የሚያወዳድር ጽሑፍ ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል። አብዛኛው ግን የተጻፈው ፈጣን መስመር ላለውና በየወሩ ለሚከፍል መሥሪያ ቤት ነው። የእኛ መለኪያ ሌላ ነው። ዳታ የምንገዛው በትንሽ በትንሹ ነው፤ ኔትወርኩ ይመጣል ይሄዳል፤ ማሽኑ አሮጌ ነው፤ አንድ ላፕቶፕ ለአራትና ለአምስት ሰው ነው። ከሁሉም በላይ ውስጡ የሁላችንም ወረቀት አለ፦ የስደተኛ መታወቂያ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የልጆች የልደት ካርድ፣ የኬዝ ደብዳቤ። እኔ ስለዚህ አንድን ፕሮግራም ሳይ ከፍጥነቱ በፊት የማየው ሥራው ካለቀ በኋላ በሩ በማን እጅ እንደሚቀር ነው።

አሠራሩ ባጭሩ

ሪሞት ዴስክቶፕ የሚባለው ሩቅ ያለ ሰው የእናንተን ስክሪን በራሱ ኮምፒውተር ወይም ስልክ ላይ እንዲያይ፣ ከፈቀዳችሁለትም ማውሱንና ኪቦርዱን እንዲያዝ የሚያደርግ ፕሮግራም ነው። እናንተ ቁጭ ብላችሁ ታያላችሁ፣ ቀስቱ ግን ብቻውን ይሄዳል። መጀመሪያ ያየ ሰው ይደነግጣል፣ አትፍረዱበት።

በስልክ ኢንተርኔት የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ዘይን ይሁን ሱዳኒ፣ ኤምቲኤን ይሁን ኢትዮ ቴሌኮም፣ ላፕቶፓችሁ አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ በቀጥታ የሚደረስበት የራሱ አድራሻ የለውም። ብዙ ደንበኛ አንዱን አድራሻ ይጋራል። ስለዚህ ካይሮ ያለው ልጅ ዝም ብሎ ልግባ ቢል መንገድ የለውም። እነዚህ ፕሮግራሞች ችግሩን የሚፈቱት ሁለቱም ወገን መሃል ላይ ካለ ሰርቨር ጋር እንዲገናኙ በማድረግ ነው። ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ማሽን መለያ ቁጥር ይሰጣል። ከተቻለ ሁለቱን ቀጥታ ያያይዛል፣ ካልተቻለ ምስሉ በራሱ በኩል እንዲያልፍ ያደርጋል። ሰርቨሩ አውሮፓ ከሆነ ከገዳሪፍ ካይሮ የሚሄደው ምስል አውሮፓ ደርሶ ይመለሳል ማለት ነው። ማውሱ አንዳንዴ እንደ ኤሊ የሚንቀራፈፈው ሠሪው ስለማይችል ሳይሆን በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ልዩነት ልብ በሉ፤ ወደ ታች ስወርድ ደጋግሜ እመለስበታለሁ። መግቢያው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የአንድ ጊዜ ነው፦ ሰውየው ይጠይቃል፣ እናንተ እዚያው ቁጭ ብላችሁ እሺ የሚለውን ትጫናላችሁ፣ ሥራው ሲያልቅ ይዘጋል። ሁለተኛው ቋሚ ነው፦ ፓስወርድ ይቀመጥለታል፣ ከዚያ በኋላ እናንተ ኖራችሁ አልኖራችሁ፣ ማሽኑ ከበራና ኢንተርኔት ካለው ሰውየው በፈለገ ሰዓት ይገባል። ቋሚው ለመሥሪያ ቤት ጥሩ ነው። ለካምፕ ላፕቶፕ ግን እኔ አልመክርም።

ኤኒዴስክ

እ.ኤ.አ በ2014 ጀርመን አገር ሽቱትጋርት ላይ የተቋቋመ ኩባንያ ነው። ለእኛ ሁኔታ መጀመሪያ የማነሳው እሱን ነው፤ ምክንያቱም ፋይሉ ትንሽ ነው። ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ በደካማ ኔትወርክም ይወርዳል። ደግሞ ሳይጫን ይሠራል፦ ፋይሉን ሁለቴ ትነኩታላችሁ፣ ይከፈታል፣ ቁጥር ያሳያችኋል፣ ያንን ቁጥር በስልክ ትናገራላችሁ። ሠሪው ሲደውል መስኮት ይወጣል፣ ከፈቀዳችሁ ይገባል። ለግል ጥቅም ነጻ ነው። ስክሪኑን ጨምቆ የሚልክበት የራሱ ዘዴ ስላለው ኔትወርኩ ሲደክምም ጭራሽ ከመቆም ይልቅ ምስሉ ይደበዝዛል። አሮጌ ዊንዶውስ 7 ላይም ሲሠራ አይቻለሁ።

የፈቃድ መስኮቱ ላይ ትናንሽ ምልክቶች አሉ፤ ብዙ ሰው አያያቸውም። ድምፅ ይስማ ወይ፣ ኪቦርድ ይያዝ ወይ፣ ፋይል ይውሰድ ወይ፣ ኮፒ ያደረጋችሁትን ያንብብ ወይ የሚሉ ናቸው። እሺ ከማለታችሁ በፊት ፋይልን የሚመለከተውን ማጥፋት ትችላላችሁ። ዊንዶውስ ለማስተካከል የመጣ ሰው ፋይላችሁን መውሰድ አያስፈልገውም።

ሳይጫን ስትጠቀሙበት አንድ ነገር ግራ ያጋባል። ሠሪው ፕሮግራም ሊጭን ሲል ዊንዶውስ "ይህ ፕሮግራም ለውጥ እንዲያደርግ ትፈቅዳለህ?" ብሎ ስክሪኑን ያጨልማል። በዚህ ጊዜ ካይሮ ያለው ሰው ምንም አይታየውም ወይም ስክሪኑ ይደርቅበታል። ኔትወርክ ጠፋ ብላችሁ አትዝጉት፤ ያስጫናችሁትን ነገር በስልክ ጠይቃችሁ እርግጠኛ ከሆናችሁ በኋላ እሺ የሚለውን እናንተ በእጃችሁ ትጫናላችሁ፣ ይመለሳል።

እ.ኤ.አ ፌብሩዋሪ 2024 መጀመሪያ ላይ ኩባንያው ሰርቨሮቹ ተሰብረው እንደተገባባቸው ራሱ አሳውቆ፣ የፕሮግራሙን ማረጋገጫ ፊርማ ቀይሮ ሰው ሁሉ ወደ አዲሱ ስሪት እንዲሸጋገር ጠይቋል። ስለዚህ ፍላሽ ላይ ከ2023 ጀምሮ የተቀመጠ ኤኒዴስክ ካላችሁ ጣሉትና አዲሱን አውርዱ።

ቲምቪወር

ይሄ ታላቁ ነው። እሱም የጀርመን ነው፣ እ.ኤ.አ በ2005 ጎፒንገን ከተማ የተጀመረ። ካርቱም ውስጥ ሠሪዎቹ አብዝተው የሚያውቁት እሱን ነበር፤ ዛሬም "ሪሞት" ሲባል ቲምቪወር ማለት የሚመስለው ሰው አለ። የተሟላ ነው፣ ከስልክም ጥሩ ይሠራል፣ የሠሪው ማያ ላይ የእናንተን የዴስክቶፕ ፎቶ አጥፍቶ ስለሚያሳይ ዳታ ይቆጥባል።

ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ ሙሉ ፕሮግራሙ በአስር የሚቆጠሩ ሜጋባይቶች አሉት። መፍትሄ አለው፤ "ኩዊክ ሰፖርት" የሚባል ለተረጂው ብቻ የሆነ አነስ ያለ ፋይል አለ፣ ሳይጫን ይሠራል፣ እሱን አውርዱ። ሁለተኛው ይብሳል። ነጻነቱ ለግል ጥቅም ብቻ ነው፤ ፕሮግራሙ ደግሞ ሥራ እየሠራችሁበት እንደሆነ ሲጠረጥር በየደቂቃው ያቋርጣል። ከብዙ የተለያዩ ማሽኖች ጋር የሚገናኝ ሰው ቶሎ ይጠረጠራል። ካይሮ ያለው ልጃችን ደግሞ የአገር ልጅ ሁሉ የሚደውልለት ነው፤ በነጻ እየረዳ እንደ ነጋዴ ይቆጠራል። ለኩባንያው የግል ተጠቃሚ ነኝ ብሎ ማመልከት ይቻላል፤ ግን መልሱ እስኪመጣ የእናንተ ዳታ ፓኬጅ ያልቃል።

የሁለቱ ወገን ስሪት የተራራቀ ከሆነም እምቢ ሊል ይችላል። ሠሪው አዲስ፣ እናንተ የ5 ዓመት አሮጌ ከሆናችሁ አስቀድማችሁ አድሱ። ይሄም ኩባንያ እ.ኤ.አ ጁን 2024 የውስጥ ኔትወርኩ እንደተደፈረ አሳውቆ ነበር፤ የደንበኞች መስመር አልተነካም ብሏል።

ኩዊክ አሲስት

ሁለቱም ወገን ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ካለው በእኔ ግምት ለአላዋቂ ሰው አደጋው ትንሽ የሆነው ይሄ ነው። የማይክሮሶፍት ስለሆነ ብዙ ጊዜ ማሽኑ ውስጥ አለ። ኪቦርዱ ላይ ኮንትሮልንና የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዛችሁ ኪው የምትለዋን ፊደል ብትጫኑ ይከፈታል። አሮጌ ዊንዶውስ 10 ከሆነ ማይክሮሶፍት ስቶር ገብታችሁ አዲሱን አውርዱ ሊላችሁ ይችላል።

የማይክሮሶፍት አካውንት የሚያስፈልገው ሠሪው ነው እንጂ እናንተ አይደላችሁም። እሱ አጭር ኮድ ያወጣል፣ በስልክ ይነግራችኋል፣ እናንተ ታስገባላችሁ። ኮዱ ደቂቃዎች ብቻ ይቆያል። መጀመሪያ ስክሪኑን ያያል፤ ማውሱን ለመያዝ ሌላ ፈቃድ ይጠይቃል። ቋሚ መግቢያ የሚባል ነገር የለውም። መስኮቱን ስትዘጉ በሩ ተዘጋ፣ አለቀ። ድካሙ፦ ሠሪው ስልክ ብቻ ካለው አይሠራም፣ ዊንዶውስ 7 ላይ የለም፣ ኔትወርኩ ብልጭ ካለ ኮዱን እንደገና መቀባበል ያስፈልጋል። በእኛ ኔትወርክ ይሄ የመጨረሻው ቀላል ነገር አይደለም።

ክሮም ሪሞት ዴስክቶፕ

የጉግል ነው፣ ሙሉ በሙሉ ነጻ ነው፣ ማንንም ነጋዴ ነህ ብሎ አያቋርጥም። ሁለቱም የጉግል አካውንት ያስፈልጋቸዋል፣ ተረጂው ትንሽ ተጨማሪ ፕሮግራም ይጭናል፣ ከዚያ 12 አሃዝ ያለው የአንድ ጊዜ ቁጥር ይወጣለታል። የምወድለት ነገር በየ30 ደቂቃው "መጋራቱን ልቀጥል?" ብሎ መጠየቁ ነው። ረስታችሁት ብትወጡ ራሱ ይቆማል። ግን የራሱን ቋሚ መግቢያም ይዟል፣ እሱን አታብሩ። ዊንዶውስ 7 ላላችሁ ክሮም ራሱ ከ2023 መጀመሪያ ወዲህ አዲስ ስሪት አይሰጣችሁም። በጋራ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ የማን ጉግል አካውንት ነው ክፍት የሆነው የሚለውን አስቡ፤ ኢሜሉም ፎቶውም አብሮ ይታያል።

ራስትዴስክ

ይሄኛው ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፣ ማንም ሊያየው ይችላል። አሠራሩ ከኤኒዴስክ ጋር ይመሳሰላል፦ ቁጥር አለ፣ ፓስወርድ አለ፣ ሳይጫንም ይከፈታል፣ ዊንዶውስ፣ ሊኑክስና አንድሮይድ ላይ ይሠራል። ትልቁ ልዩነቱ ሰርቨሩን ራሳችሁ ማቆም መቻላችሁ ነው። ውጭ ያለ አንድ የኮምፒውተር ልጅ በወር ጥቂት ዶላር የሚከፈልበት ሰርቨር ላይ ቢጭነው፣ የአንድ ማኅበረሰብ ሰው ሁሉ በእሱ በኩል መገናኘት ይችላል፤ ማንም ኩባንያ መሃል አይገባም፣ የጊዜ ገደብም የለም። ትምህርት ቤት ወይም ማኅበር የግል ተጠቃሚ አይባልምና፣ ለእነሱ በሕጋዊ መንገድ ነጻ ከሚሆኑት አንዱ ይሄ ነው። ለአንድ ጊዜ ጥገና ግን ይሄን ሁሉ መልፋት አያስፈልግም።

ኢንተርኔት በሌለበት

ዊንዶውስ ውስጥ ያለውን ራሱን ሪሞት ዴስክቶፕ የሚባለውን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ሁለት ነገር ይያዝላችሁ። አንደኛ፣ እንዲገባበት የሚፈቅደው "ፕሮ" የሚባለው ዊንዶውስ ነው፤ በአብዛኛው እጃችን ላይ ያለው "ሆም" አይፈቅድም። ሁለተኛ፣ ሰውየው ሲገባ የእናንተ ስክሪን ይቆለፋል፣ ምን እየሠራ እንደሆነ አታዩም። ለጥገና ትምህርትም ለቁጥጥርም አይመችም። በኢንተርኔት በኩል ከፍቶ መተውማ በፍጹም፤ ያንን በር ሌባ ቀንና ሌሊት እየዞረ የሚያንኳኳው ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ሁለት ማሽኖች አጠገብ ለአጠገብ ከሆኑ ኢንተርኔት አያስፈልጋቸውም። የስልክ ሆትስፖት አብርታችሁ ዳታውን አጥፉት፤ ሁለቱን ላፕቶፕ አያይዙ። ቪኤንሲ የሚባለው የቆየ ፕሮግራም፣ ኤኒዴስክም ራስትዴስክም በዚህ መስመር ይሠራሉ፣ አንድ ሜጋባይት አይበላባችሁም። ለመምህራን ደግሞ ቬዮን የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። መምህሩ የተማሪውን ሁሉ ስክሪን በአንድ ገጽ ያያል፣ የራሱን ስክሪን ለሁሉም ያሳያል፣ ክፍሉ ሲንጫጫ ስክሪኑን ቆልፎ "ወደ ሰሌዳ!" ይላል። ፕሮጀክተር ለሌለው ክፍል ይሄ በረከት ነው።

እንግዲህ የትኛውን?

ላፕቶፑ አሮጌ ከሆነ፣ ወይም ሠሪው በስልክ ብቻ የሚረዳ ከሆነ፣ ኤኒዴስክ ሳይጫን። ሁለቱም ዊንዶውስ 10ና 11 ከሆነና ኔትወርኩ ደህና ከሆነ ኩዊክ አሲስት። ለትምህርት ቤትና ለማኅበር ራስትዴስክ። ቲምቪወርን ሠሪው ሌላ ካላወቀ ብቻ።

ከሁሉም በፊት ግን፣ የሚያስፈልጋችሁ መቆጣጠር ነው ወይስ ማሳየት? ግማሹ ችግር የስክሪኑን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ወይም በኢሞ በመላክ ያልቃል። በዋትስአፕ የቪዲዮ ጥሪ ላይ ከኦገስት 2023 ጀምሮ ስክሪን ማጋራት ይቻላል፣ ቴሌግራምም አለው። ሠሪው ያያል እንጂ አይነካም። "እትዬ፣ ከታች በስተግራ ያለችውን ይጫኑልኝ" እያለ ይመራችኋል። ቀስ ይላል፤ ግን ሲያልቅ የሠራችሁት እናንተ ስለሆናችሁ በሚቀጥለው ጊዜ አትደውሉለትም።

ዳታ እንዳያልቅ

እ.ኤ.አ ፌብሩዋሪ 2024 ሱዳን ውስጥ የስልክ ኔትወርኮቹ ሲቋረጡ ሰው ስታርሊንክ ያለበት ቦታ ሄዶ በሰዓት እየከፈለ ነበር የሚጠቀመው። በዚያ ዓይነት ሁኔታ ከተገናኙ በኋላ "ምን ነበር ችግሩ?" ብሎ መጀመር ገንዘብ ማቃጠል ነው። ችግሩን፣ የዊንዶውሱን ዓይነት፣ የሚወጣውን የስህተት ጽሑፍ ቀድማችሁ በጽሑፍ ላኩለት። የሚጫነውን ፕሮግራም ቀድማችሁ በፍላሽ አምጡት።

ላፕቶፑን ከሆትስፖት ስታያይዙ ደግሞ ሴቲንግ ውስጥ፣ ኔትወርክ የሚለው ጋ፣ "ሚተርድ ኮኔክሽን" የሚለውን አብሩ። ይሄ ካልበራ ዊንዶውስ ኢንተርኔት ያገኘ ሲመስለው አፕዴቱን ማውረድ ይጀምራል፤ ዳታውን የጨረሰው ሪሞቱ ሳይሆን እሱ ነው። ከዚያ ሠሪው በፕሮግራሙ ማስተካከያ ላይ ከጥራት ይልቅ ፍጥነትን እንዲመርጥ፣ የድምፅ መስመሩን እንዲያጠፋ ንገሩት፤ ንግግሩን በስልክ አድርጉት። ክሊፕ የሚጫወት ገጽ ክፍት ካለ ዝጉት። የማይንቀሳቀስ ስክሪን ብዙ አይበላም፣ የሚንቀሳቀስ ምስል ነው የሚጨርሰው።

አማርኛ ሲጻፍ

ሠሪው ፎርም በአማርኛ ሊሞላላችሁ ሲል ፊደሉ ይመሰቃቀላል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ሁለቱም ጋ የአማርኛ ኪቦርድ በርቶ ስለሆነ ነው፤ እሱ ጋ አንዴ ይቀየራል፣ እናንተ ጋ እንደገና ይቀየራል። የሠሪው ማሽን እንግሊዝኛ ላይ ይሁን፣ የእናንተ ላይ ብቻ ኪማን ወይም የዊንዶውሱ አማርኛ ይብራ። እንዲያም ሆኖ እምቢ ካለ ጽሑፉን በቴሌግራም ይላክና ኮፒ አድርጋችሁ ለጥፉት። በድሮ የፓወር ግዕዝ ፊደል የተጻፈ ሰነድ ሌላ ማሽን ላይ የእንግሊዝኛ ቁርጥራጭ ሆኖ ቢታይ ደግሞ ቫይረስ አይደለም፣ ፊደሉ ስለሌለ ነው።

የሌባው መንገድም ይሄው ነው

እስካሁን ያልኳቸው ፕሮግራሞች ሁሉ ሕጋዊ ናቸው። ለዚህም ነው ሌባ የሚወዳቸው፤ ጸረ-ቫይረስ አይጮህባቸውም። ሜይ 2024 ማይክሮሶፍት ራሱ ሌቦች የቴክኒክ ሠራተኛ ነን እያሉ ሰውን ኩዊክ አሲስት እያስከፈቱ እንደሚገቡ አስጠንቅቋል። ፕሮግራሙ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ኮዱን ለማን እንደሰጣችሁ አያውቅም።

እኛ ጋ ሲመጣ መልኩ ሌላ ይሆናል። "ከዩኤንኤችሲአር ነው የምደውለው፣ ኬዝህ ተንቀሳቅሷል፣ ፋይልህን ከዚህ ሆኜ ላስተካክልልህ፣ ኤኒዴስክ ክፈት" ቢላችሁ ዝጉት። የዩኤንኤችሲአር አገልግሎት ነጻ ነው፤ ይህን ድርጅቱ ራሱ ደጋግሞ ይናገራል፤ ኬዝ የሚሠራውም እናንተ ላፕቶፕ ውስጥ ገብቶ አይደለም። የሱዳን የስደተኞች ኮሚሽን ሲኦአርም ቢሆን፣ የየትኛውም ኤምባሲ ሰው ነኝ ቢልም መልሱ አንድ ነው። ጥርጣሬ ካላችሁ ቢሮው ድረስ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ በደወለላችሁ ቁጥር መልሳችሁ አትደውሉ።

ስልክ ላይ ይብሳል። ካርቱም የኖረ ሰው ብሩ ያለው ባንካክ ላይ ነው፤ ኢትዮጵያ ያለው ቴሌብር ላይ፣ ኬንያ ያለው ኤምፔሳ ላይ። ስልካችሁ ላይ ኤኒዴስክ አስከፍቶ ስክሪኑን የሚያይ ሰው ከባንክ የሚመጣላችሁን የማረጋገጫ ኮድ ከእናንተ እኩል ያነበዋል። ላፕቶፕ ሊጠግን የመጣ ሰው ስልክ ላይ ጫን የሚልበት ምክንያት የለም። ሠሪው ስልኩን የሚጠቀመው ራሱ ጋ ነው፣ እናንተ ጋ አይደለም።

በሥራ መሃል ስክሪኑ በድንገት ጥቁር ሆኖ ሠሪው "ጠብቅ፣ እየሠራሁ ነው" ካላችሁ አትጠብቁ። ፈቃድ የሚጠይቀው የዊንዶውስ መስኮት እናንተ ጋ ይታያል፤ ምንም ሳይታያችሁ ጥቁር መሆን ግን ስክሪኑን ሆን ብሎ እንደሸፈነው ሊያሳይ ይችላል። ሆትስፖቱን አጥፉ፣ ወይም ሞደሙን ንቀሉ። ኢንተርኔት የሌለው ሪሞት የለም።

የታወቀ ሰው ሲሆንም ወረቀቱን አስቡ። የወንድማችሁ ጓደኛ ታማኝ ሊሆን ይችላል፤ ግን የጎረቤታችሁን የኬዝ ደብዳቤ የማየት መብት የለውም፤ ጎረቤታችሁም አልፈቀደችም። በጋራ ላፕቶፕ ላይ "እርዳታ" የሚል ሌላ የዊንዶውስ ተጠቃሚ ክፈቱ፣ ባዶ ይሁን፤ ሠሪው ሲመጣ በእሱ ግቡ። ሰነዶቹን ደግሞ ፍላሽ ላይ አድርጋችሁ በዚያ ሰዓት ነቅላችሁ ያዙት። ፍላሹን ለመንቀል 2 ሰከንድ ይበቃል።

ከየት ይወረዳል?

እዚህ ላይ የካርቱም ልማዳችን ይጎዳናል። አሜሪካ ሱዳን ላይ ከ1997 ጀምሮ በጣለችው ማዕቀብ ምክንያት ክሮምን ጨምሮ ብዙ የአሜሪካ ፕሮግራም ከሱዳን አይወርድም ነበር። በፌብሩዋሪ 2015 ለግል መገናኛ የሚሆኑ ፕሮግራሞች ተፈቀዱ፣ በኦክቶበር 12 ቀን 2017 አብዛኛው የኢኮኖሚ ማዕቀብ ተነሳ። በዚያ ሁሉ ዓመት ሰው የለመደው ፕሮግራምን በፍላሽና በሲዲ ከእጅ ወደ እጅ ማግኘት ነው፤ ያም ብዙውን ጊዜ ክራክ የተደረገ። ዛሬ ያንን ማድረግ አያስፈልግም፤ እዚህ ያልኳቸው ሁሉ ከራሳቸው ድረ ገጽ በነጻ ይወርዳሉ። "ሙሉ ቲምቪወር፣ የተከፈለበት" እያለ የሚዞር ፋይል ውስጥ ሌላ ሰው ተደብቆ ሊሆን ይችላል፤ በር ለመክፈት ለተሠራ ፕሮግራም ደግሞ ይሄ ቀልድ አይደለም።

አንድ ሰው ከትክክለኛው ቦታ አውርዶ ለሌላው በብሉቱዝ ቢሰጥ ግን ክፋት የለውም፣ ዳታም ይቆጥባል። ማጣሪያው ቀላል ነው፦ ፋይሉን በቀኝ ማውስ ነክታችሁ ፕሮፐርቲስ ግቡ፣ "ዲጂታል ሲግኔቸርስ" የሚለውን ክፈቱ፣ የኩባንያው ስም እዚያ አለ ወይ ብላችሁ እዩ። ገጹ ጭራሽ ከሌለ ፋይሉን አጥፉት።

ሥራው ሲያልቅ

መጀመሪያ ግንኙነቱን እናንተ አቋርጡ፤ ሠሪው እስኪዘጋ አትጠብቁ። ከዚያ ከታች በስተቀኝ ሰዓቱ አጠገብ ያለችውን ትንሿን ቀስት ተጭናችሁ የፕሮግራሙ ምልክት እዚያ ቀርቷል ወይ ብላችሁ እዩ። መስኮቱን መዝጋትና ፕሮግራሙን መዝጋት አንድ አይደለም፤ ብዙዎቹ ከኋላ ይቆያሉ። ምልክቱን በቀኝ ማውስ ነክታችሁ አስወጡት። ቋሚ ፓስወርድ እንዳልተቀመጠ ከፕሮግራሙ ሴቲንግ ውስጥ፣ ሴኩሪቲ የሚለው ጋ ገብታችሁ አረጋግጡ፤ "አንአቴንድድ አክሰስ" የሚል ነገር በርቶ ካገኛችሁ አጥፉት። ሳይጫን የተከፈተ ከሆነ ፋይሉን አጥፉ፣ የተጫነ ከሆነ አንኢንስቶል አድርጉ። ሠሪው ፊት የጻፋችሁት የኢሜል ወይም የቴሌግራም ፓስወርድ ካለ በዚያው ቀን ቀይሩ። በመጨረሻ ላፕቶፑን አጥፍታችሁ አብሩና ሰዓቱ አጠገብ እንደገና እዩ። ምልክቱ ተመልሶ ከመጣ ፕሮግራሙ አሁንም ማሽኑ ውስጥ አለ ማለት ነው፤ ሆትስፖቱን ሳታበሩ ወደ ትምህርት ቤት ይዛችሁት ኑ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አለሁ።